በፕሬስ የገባ የብረት ቀለበት ስንት ውጥረት ተሸክሟል? ሳይፈርስ በማግኔት መለካት፣ ደረጃ በደረጃ

ሴንሰሩ ቀለበቱ ላይ አርፏል፤ ስክሪኑ 91 ይላል። 91 ምን? የውጥረት መለኪያ የሆነው ሜጋፓስካል አይደለም። ብረት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማግኔታዊ ክፍሎች ድንበራቸው ሲንቀሳቀስ ጩኸት ይፈጠራል፤ የባርክሃውዘን ጩኸት ይባላል። መሣሪያው ያነበበው እሱን ነው። በአብዛኛው አረብ ብረት ላይ ጩኸቱ ብረቱ በተለጠጠበት አቅጣጫ ይጨምራል፣ በተጨመቀበት ይቀንሳል። ችግሩ የብረቱ ጥንካሬ፣ ሂት ትሪትመንቱ እና ግራይንደሩ የሠራው ሥራም ያንኑ ቁጥር ያወጡታል፣ ያወርዱታል።

ስለዚህ ቀለበቱ ሻፍት ላይ ከገባ በኋላ ብቻ የተወሰደ ንባብ ስለ ውጥረቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ጥያቄው ደግሞ ሁሌም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፦ «ገጥመነዋል፣ አሁን ለኩልን።» አይሆንም። ከሥራው አብዛኛው የሚያልቀው ቀለበቱ ፕሬስ ስር ሳይገባ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው ቀለበት ይህ ነው፦ የውስጥ ዲያሜትር 50 ሚሊሜትር፣ የውጭ 80፣ ወርዱ 30። ሻፍቱ ውስጡ ድፍን ነው፣ ከቀለበቱም ቀዳዳ በ40 ማይክሮን ይበልጣል። ይህን ብልጫ ከዚህ በኋላ «ትርፍ» እንለዋለን። የሚለካው በቀለበቱ ውጫዊ ገጽ ላይ፣ በዙሪያው አቅጣጫ ያለው ውጥረት ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በወረቀት አስሉ

ምን ያህል እንደምትጠብቁ ሳታውቁ አትለኩ። ሻፍቱ ድፍን ከሆነና ሁለቱም አረብ ብረት ከሆኑ፣ የውጫዊው ገጽ ውጥረት እንዲህ ይወጣል፦

206,000 × ትርፉ በሚሊሜትር × የውስጥ ዲያሜትር ÷ (የውጭ ዲያሜትር × የውጭ ዲያሜትር)

206,000 የብረቱ የኢላስቲክ ሞጁለስ ነው፣ ማለትም ለመለጠጥ ያለው ግትርነት፣ በሜጋፓስካል። በምሳሌያችን 206,000 × 0.040 × 50 ÷ 6,400 = 64 ሜጋፓስካል ይሆናል።

ይህ ግን በወረቀት ነው። ሲገጠም የሁለቱ ገጾች ጫፍ ጫፍ ስለሚደፈጠጥ ከትርፉ የተወሰነው ይጠፋል። የሚጠፋው 0.8 ጊዜ የሁለቱ ገጾች ሻካራነት ድምር ተብሎ ይገመታል፤ ሻካራነት ስል አር ዜድ የሚባለውን፣ የገጹን ጥቃቅን ጉብታና ጎድጓዳ የከፍታ ልዩነት ነው። ሁለቱም 4 ማይክሮን ከሆኑ 6.4 ማይክሮን ይጠፋል፣ 33.6 ይቀራል። ውጥረቱም ወደ 54 ሜጋፓስካል ይወርዳል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ዘዴው ለእናንተ ሥራ መሆን አለመሆኑን ወስኑ።

- ቀለበቱ በጣም ወፍራም ከሆነ ተዉት። በዚያው 40 ማይክሮን ትርፍ የውጭ ዲያሜትሩ 150 ቢሆን፣ ውጫዊው ገጽ ላይ የሚደርሰው 18 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ይህን ከንባብ መዋዠቅ መለየት ከባድ ነው።
- ተራ ማግኔት የማይስበው ስቴንለስ ላይ ዘዴው ጨርሶ አይሠራም።
- ክሮም ወይም ኒኬል የተለበጠ ገጽ ሴንሰሩን ከብረቱ ያርቀዋል። ከመግጠም በፊትም በኋላም ልባጡ ያው ስለሆነ ልዩነቱን መለካት ይቻል ይሆናል፤ ካሊብሬሽኑ (ንባቡን ከታወቀ ውጥረት ጋር ማዛመዱ) ግን በተለበጠ ቀለበት ላይ መሠራት አለበት።

ደረጃ 2፦ ቀለበቶቹን አዘጋጁ

ሁለት ቀለበት ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ሥራ ላይ የሚውለው ነው። ሁለተኛው ለካሊብሬሽን የሚሠዋ ነው፤ ከዚያው ብረት የተቆረጠ፣ አብሮ ሂት ትሪትመንት የገባ፣ በዚያው ግራይንደር የተጨረሰ። «ተመሳሳይ ብረት» ብሎ ከመጋዘን የመጣ ሌላ ቀለበት አይበቃም። ገዢው ክፍል በዚህ መከራከሩ አይቀርም፤ አትስማሙ።

1. ሁለቱንም በቤንዚን ወይም በማጽጃ ፈሳሽ እጠቡ። ዘይትና ግራሶ አይቅር።
2. ዝገት ካለ በጨርቅና በዝገት ማስለቀቂያ አንሱት። በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት! ፍትጊያው የላይኛውን ቆዳ ይጨምቀዋል። በተለመደው ከ70 እስከ 200 ኪሎኸርዝ ባለው የንባብ ባንድ ሴንሰሩ የሚያየው ደግሞ ያንኑ ቆዳ ነው፤ ከላይ አንድ አስረኛ ሚሊሜትር ገደማ።
3. የሁለቱን የሮክዌል ጥንካሬ ለኩ፤ በጎናቸው ላይ እንጂ ሴንሰር በሚያርፍበት ገጽ ላይ አይደለም። ከ2 ነጥብ በላይ ከተለያዩ የካሊብሬሽኑን ቀለበት ቀይሩ።
4. የቀዳዳውንና የሻፍቱን ዲያሜትር በማይክሮሜትር ለኩ፤ ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ። ካሊፐር ለማይክሮን ሥራ አይሆንም።
5. በውጫዊው ገጽ ላይ፣ በወርዱ መሃል፣ እንደ ሰዓት ከ1 እስከ 12 ነጥቦች በማርከር ምልክት አድርጉ። ነጥቡ ከዘይት ቀዳዳ፣ ከቁልፍ ቦይና ከተቀረጸ ጽሑፍ ይራቅ። ምልክቱን ከነጥቡ አጠገብ እንጂ ሴንሰሩ በሚነካበት ቦታ ላይ አታድርጉት።

ደረጃ 3፦ የቀረውን ማግኔት አጥፉ

በግራይንደር የማግኔት ጠረጴዛ ላይ የዋለ ብረት፣ ወይም በማግኔት ዱቄት ስንጥቅ የተፈለገበት ብረት ማግኔት ይዞ ይቀራል። እሱን ይዞ የሚለካ ሰው የሚያነበው ያለፈውን ሥራ ነው።

1. በጋውስ መለኪያ ቀለበቱን ዙሩት። ከ3 ጋውስ በላይ ካነበበ ወደሚቀጥለው ሂዱ።
2. ዲማግኔታይዘሩን (ማግኔት ማጥፊያውን) አብሩ። ቀለበቱን በሽቦ ጥቅሉ መሃል አሳልፉና ሳትቸኩሉ ወደ አንድ ሜትር ርቀት አውጡት።
3. ማብሪያውን የምታጠፉት ቀለበቱ ከራቀ በኋላ ነው። ቀለበቱ ውስጥ እያለ ከጠፋ፣ ያ ቅጽበት የነበረው ማግኔት እላዩ ላይ ይቀራል።
4. ቀለበቱን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙ። እንደገና በጋውስ መለኪያ አረጋግጡ።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ «ትንሽ ነው የቀረው» ብላችሁ አትለፉት። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር የመለኪያ መሣሪያው በስታቢላይዘር ወይም በባትሪ ይሥራ።

ልብ ላይ የሚተከል መሣሪያ ያለው ሰው ዲማግኔታይዘሩ አጠገብ አይቁም።

ደረጃ 4፦ ሴንሰሩንና ሴቲንጉን ምረጡ

የሴንሰሩ እግሮች ከቀለበቱ ክብነት ጋር መግጠም አለባቸው። ጠፍጣፋ እግር ክብ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል፤ ንባቡም በእጃችሁ ዝንባሌ ይለዋወጣል። ለ80 ሚሊሜትር የተሠራ እግር ከሌላችሁ ሴንሰሩን የሚይዝ ድጋፍ ከፕላስቲክ አሠሩ። ከብረት አይሁን።

የሚያስማግነተውን ፍሪኩዌንሲ በ100 ኸርዝ አካባቢ ጀምሩ። ቮልቴጁን ግን በግምት አትምረጡ፦

1. የካሊብሬሽኑን ቀለበት ያለ ጭነት አስቀምጡ። ቮልቴጁን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ንባቡን መዝግቡ።
2. ያንኑ በደረጃ 5 እንደተገለጸው ቀለበቱን ጭናችሁ ድገሙ።
3. ሁለቱ መስመሮች በጣም የተራራቁበትን ቮልቴጅ ያዙ።

ከዚህ በኋላ ሴቲንግ አይነካም። ቮልቴጅ፣ ፍሪኩዌንሲ፣ የንባብ ባንድ፣ ሴንሰሩ ራሱ፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ያው ይሁን። ሴንሰሩ ከተሰበረና ከተቀየረ ካሊብሬሽኑ እንደ አዲስ ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ካሊብሬሽን፣ በዚያው ፕሬስ

መጽሐፉ ናሙና ቁረጡና አጣሙ ይላል። ለክብ ቀለበት ግን የተሻለ አለ፦ ቀለበቱን ራሱን መጨመቅ። ክብ ቀለበት ከላይና ከታች ሲጫን ጎንና ጎኑ ውጫዊ ገጹ ይለጠጣል። የተለጠጠውን መጠን ገጹ ላይ የሚለጠፍ ስትሬን ጌጅ ይነግራችኋል፤ ስሌት ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

1. በ9 ቁጥር ላይ፣ በወርዱ መሃል፣ በዙሪያው አቅጣጫ ስትሬን ጌጅ ለጥፉ። ማጣበቂያው በሚገባ ይድረቅ።
2. ቀለበቱን በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መሃል አቁሙት፤ 12 ከላይ፣ 6 ከታች። ሴንሰሩ በ3 ቁጥር ላይ ያርፋል፣ ከጌጁ ትይዩ።
3. መነጽር አድርጉ። በሂት ትሪትመንት የጠነከረ ቀለበት ሲሰነጠቅ ፍንጣሪው አይታይም። ቀለበቱንም በወፍራም ጨርቅ ወይም በመከለያ ሸፍኑ።
4. ጌጁን ዜሮ አድርጉ። ሴንሰሩን እያነሳችሁ፣ እያሳረፋችሁ አምስት ጊዜ አንብቡ፤ አማካዩን ጻፉ።
5. ጌጁ 100 ማይክሮስትሬን እስኪል ጫኑ፣ አንብቡ (አንድ ማይክሮስትሬን ማለት በርዝመት አንድ ሚሊዮንኛ መለጠጥ ነው)። ከዚያ 200፣ 300፣ 400።
6. በዚያው ደረጃ እየቀነሳችሁ ተመለሱ፤ ሲወርድም አንብቡ።

100 ማይክሮስትሬን 20.6 ሜጋፓስካል ነው። 400 ድረስ መሄድ ከምንጠብቀው 64 በላይ፣ እስከ 82 ያደርሳችኋል፤ ይበቃል። ያልጠነከረ ቀለበት ከሆነ ግን ከ400 አትለፉ። ጭነቱ በሚያርፍበት በ12 እና በ6 ስር ቀዳዳው ውስጥ ያለው ውጥረት ጎኑ ላይ ጌጁ ከሚያሳየው በጣም ይበልጣል።

ጭነቱ ሲነሳ ጌጁ ዜሮ ካልገባ ቀለበቱ ቅርጹን ቀይሯል። ጣሉትና በሌላ ጀምሩ። ጌጁ ዜሮ ገብቶ የማግኔት ንባቡ ብቻ ካልተመለሰ ሴንሰሩ ተንቀሳቅሷል፣ ወይም ፕሬሱ ራሱ ማግኔት አለው። የፕሬሱን ጠፍጣፋ ብረቶች በጋውስ መለኪያ ፈትሹ።

በመጨረሻ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ይኖራችኋል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው፣ የእናንተ ሌላ ይሆናል፦

ያለ ጭነት፦ 66
በ100 ማይክሮስትሬን፦ 76
በ200፦ 85
በ300፦ 93
በ400፦ 99

ጭማሪው 10፣ 9፣ 8፣ 6 እያለ እንደሚያንስ አስተውሉ። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ውጥረቱ ሲበዛ እየተኛ ይሄዳል። ስለዚህ «በአንድ ነጥብ ይህን ያህል ሜጋፓስካል» ብላችሁ በአንድ ቁጥር አታባዙ። ከሠንጠረዡ አንብቡ።

ደረጃ 6፦ ከመግጠም በፊት ያለው ንባብ

አሁን የሥራውን ቀለበት አምጡ። ማግኔቱ መጥፋቱን እንደገና አረጋግጡ። የክፍሉን ሙቀትም ጻፉ፤ ቀለበቱ ከፀሐይ ላይ የመጣ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

በ12ቱም ነጥቦች፣ በዙሪያው አቅጣጫ፣ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ አንብቡ። ቀጥሎ ሴንሰሩን 90 ዲግሪ አዙራችሁ በሻፍቱ ርዝመት አቅጣጫ በአራት ነጥብ ላይ አንብቡ። ይህ ሁለተኛው ኋላ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን ለመለየት ይጠቅማችኋል።

በአንድ ነጥብ ላይ አምስቱ ንባቦች ከአማካያቸው ከ5 በመቶ በላይ ከራቁ አትቀጥሉ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ግፊት ነው፤ ሴንሰሩን በእጅ ከመጫን በስፕሪንግ ይጫን። የ12ቱ አማካይ ከካሊብሬሽኑ ቀለበት ዜሮ ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ ደግሞ ሁለቱ ቀለበቶች አንድ አይደሉም። ምንም ያህል ቢመሳሰሉ ሠንጠረዡ ለዚህኛው አይሠራም።

ግድግዳው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ስስ ቀለበት ካላችሁ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። የሚያስማግነተው መስክ ግድግዳውን አልፎ ይወጣል። ሻፍቱ ሲገባ መስኩ ወደ ሻፍቱ ይሸሻል፣ ንባቡም ያለ ምንም ውጥረት ይቀየራል። ስለዚህ የበፊቱ ንባብ ሲወሰድ ቀዳዳው ውስጥ በልቅ የሚገባ የዚያው ብረት ድፍን ዘንግ አስገቡ። ለምሳሌያችን 15 ሚሊሜትር ግድግዳ ይህ አያሳስብም።

ደረጃ 7፦ ግጠሙ

1. ሻፍቱንና ቀዳዳውን ስስ ዘይት ቀቡ። የሻፍቱ ጫፍ ዙሪያው በትንሹ የተቆረጠ ይሁን፤ ስለት ያለው ጫፍ ቀዳዳውን ይልጣል።
2. ቀለበቱን ቀጥ አድርጋችሁ በፕሬስ ግፉ፤ ዝግ ብላችሁ፣ ሳታቆሙ። በመዶሻ አይሆንም።
3. የፕሬሱን ኃይል ጻፉ።

ኃይሉ ነጻ ምስክር ነው፣ አትናቁት። በምሳሌያችን የቀረው ትርፍ 33.6 ማይክሮን ቢሆንና በዘይት የሰበቃው ቁጥር 0.1 ቢሆን መጨረሻ ላይ ወደ 20 ኪሎኒውተን ይጠበቃል፤ 2 ቶን ገደማ ማለት ነው። የፕሬሱ ጌጅ በባር የሚያነብ ከሆነ በሲሊንደሩ ስፋት አባዝታችሁ ወደ ኃይል ቀይሩ። ግማሹን ብቻ ካያችሁ ሻፍቱ ቀጥኗል፤ ማይክሮሜትሩን ተመልሳችሁ ፈትሹ። ኃይሉ እየዘለለና እየተንኮሻኮሸ ከወጣ ገጾቹ ተላልጠዋል። የተላለጠ ግጥሚያ ውጥረቱ ዙሪያውን እኩል አይሆንም፤ ለኩት፣ ግን አማካዩን አትመኑ።

አሙቃችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አትለኩ። የኩሽኔታ ቀለበት ከ120 ዲግሪ በላይ አታሙቁ።

ደረጃ 8፦ ከመግጠም በኋላ ያለው ንባብ

ዘይቱን አጽዱ። ጋውስ መለኪያውን ዙሩበት። ከ3 በላይ ካለ አሁንም ማግኔቱን ማጥፋት ይቻላል፤ ሻፍቱ ረጅም ከሆነ ግን ጥቅሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማለፍ አለበት።

ከዚያ በዚያው ሴንሰር፣ በዚያው ነጥብ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ሰው እጅ ሁሉንም ድገሙ። ሴንሰሩ ከነጥቡ 5 ሚሊሜትር ቢዛነፍ የምታነጻጽሩት ሌላ ብረት ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ ሜጋፓስካል ቀይሩ

ከመግጠም በፊት አማካዩ 68 ነበር እንበል። አሁን 91 ሆነ። ልዩነቱ 23 ነው። ይህን በካሊብሬሽኑ ዜሮ ላይ ደምሩት፦ 66 + 23 = 89። በሠንጠረዡ 89 በ85 እና በ93 መሃል ነው፤ 250 ማይክሮስትሬን ይሆናል። በ206,000 ሲባዛ 51.5 ሜጋፓስካል።

በወረቀት 54 ጠብቀን ነበር። ወደ ኋላ ስናሰላው 51.5 የሚመጣው ከ32 ማይክሮን ትርፍ ነው። ጥሩ ግጥሚያ ነው።

ይህ ውጫዊው ገጽ ነው። ቀለበት የሚሰነጠቀው ግን ከቀዳዳው ነው፤ እዚያ ደግሞ ሴንሰር አይደርስም። በስሌት ታደርሱታላችሁ፦ የሁለቱ ዲያሜትሮች ካሬ ድምር ለሁለት ጊዜ የውስጡ ካሬ ሲካፈል። 8,900 ÷ 5,000 = 1.78። ቀዳዳው ላይ ያለው 51.5 × 1.78፣ ወደ 92 ሜጋፓስካል ነው። በቀለበቱ ጠርዝና በዘይት ቀዳዳ አካባቢ ከዚህም ይበልጣል፤ ሪፖርት ስትጽፉ ይህን አትዝለሉት።

ነገር ሲበላሽ

*ንባቡ ከመግጠም በኋላ ቀነሰ።* መጀመሪያ የሴንሰሩን አቅጣጫ ፈትሹ፤ 90 ዲግሪ ዞሮ ከሆነ ያነበበው ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ ጋውስ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በርዝመት አቅጣጫ የወሰዳችሁትን ንባብ አወዳድሩ። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከቀነሰ ውጥረት ሳይሆን ሴንሰሩ ከገጹ ተነስቷል፤ የዘይት ቅሪት ወይም ያረጀ እግር ሊሆን ይችላል።

*ምንም ለውጥ የለም።* ግራይንደሩ ገጹን አጥብቆ ጨምቆት ከሆነ መስመሩ በታችኛው ጫፍም ይተኛል፤ 50 ሜጋፓስካል ቢጨመር ቁጥሩ አይነቃነቅም። ይህ ካሊብሬሽን ላይ ይታያል፤ ቀለበቱ ተጭኖ ንባቡ ካልወጣ ዘዴውን ትታችሁ በስትሬን ጌጅ ሂዱ። በሥራው ቀለበት ላይ ጌጅ ለጥፎ መግጠም ነው፤ በምሳሌያችን ከ260 እስከ 310 ማይክሮስትሬን ይጠበቃል።

*ሁለት ትይዩ ነጥቦች ከፍ ብለው ሁለቱ መሃል ዝቅ አሉ።* ቀዳዳው ወይም ሻፍቱ ሞላላ ነው። በሦስት አቅጣጫ የለካችሁትን ዲያሜትር ተመልሳችሁ እዩ።

*ሦስት ነጥቦች፣ በየአራት ቁጥሩ ከፍ አሉ።* ቀለበቱ ቶርኖ ላይ በሦስት ጥርስ ቻክ ተጨምቆ ነው የተሠራው። ጥርሱ ሲለቀው ቀዳዳው ሦስት ጎን ያዘ ማለት ነው። 12 ነጥብ ያስመረጠንም ይኸው ነው፤ በ4 ነጥብ ይህ ችግር ይደበቃል፣ በ8ም በግልጽ አይታይም።

*አንድ ነጥብ ብቻ ለብቻው ወጣ።* በፊት በወሰዳችሁት ንባብ ያው ነጥብ ከፍ ያለ ነበር? ከነበረ ግራይንደሩ ቦታውን አቃጥሎት ይሆናል፤ የተቃጠለ ቦታ ስለሚለሰልስ ጩኸቱ ይጨምራል። በፊት ያልነበረ ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ያ ሻፍት ማሽን ላይ አይወጣም።

*በፊት ሳይለካ ተገጥሟል።* ሜጋፓስካል ማውጣት አይቻልም። የሚቻለው አንድ ነው፦ ከዚያው ቡድን ያልተገጠሙ ቀለበቶች ካሉ አሥር ያህሉን ለኩና የእነሱን ከፍታና ዝቅታ እዩ። የተገጠመው ከዚያ ክልል በግልጽ ከወጣ ውጥረት አለ ማለት ትችላላችሁ፤ ስንት ነው ለሚለው ግን ቁጥር አትስጡ። አለቃ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ቢል ቀለበቱን በመጎተቻ አውጥቶ፣ ለክቶ፣ በሌላ ሻፍት መግጠም ነው ያለው አማራጭ።